«ገልብጥ!» «ቆይ!»

አስፈሪ የሥዕል ልቦለድ ወደ ፊልም በተለወጠ ቁጥር አንድ ቃል አይጠፋም፤ «አበላሹት!»። ጅማ ውስጥ ኮሚክና ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) ከሚያነቡ ወጣቶች ጋር ለሚውል ሰው ይህ ቃል አዲስ አይደለም። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ፤ ብዬዋለሁ፣ ሲባልም ሰምቻለሁ። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚደረደረው ተመሳሳይ ነው፦ እገሌ የሚባለው ሰውዬ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ እገሊት መሞት አልነበረባትም፣ መጨረሻው ተቀይሯል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ታሪኩን ገለባብጦ የሠራ ፊልም ሲወዱ፣ እግር በእግር የተከተለውን ደግሞ ሲጠሉ አይቻለሁ። ስለዚህ የቅሬታው ሥር ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። አስፈሪ የሥዕል ታሪክ ያነበበ ሰው ከፍርሃቱ ግማሹን የሠራው ራሱ ነው። ፊልሙ መጥቶ ያንን ግማሽ ሲሠራለት የራሱ የነበረ ነገር ተወስዶበታል።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ ያስረዳው አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኮሚክ አሠራር በኮሚክ መልክ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ሥዕሎች አሉ። በመጀመሪያው አንድ ሰው መጥረቢያ አንሥቶ ሌላውን ያባርራል። በሁለተኛው የሚታየው የከተማ ሌሊት ብቻ ነው፤ ከጨለማው ጩኸት ይወጣል። መጥረቢያው ሲያርፍ የሚያሳይ ሥዕል የለም። ማክላውድ መጥረቢያውን እኔ አንሥቼው ይሆናል፣ ያሳረፍኩት ግን እኔ አይደለሁም ይላል። ምን ያህል በኃይል እንዳረፈ፣ ማን እንደጮኸ፣ ለምን እንደሆነ የወሰነው በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት የተሻገረው አንባቢ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው አንባቢ ከሆነ ደግሞ የሚሞላው ባለው ነገር ነው። የጅማ ልጅ ያለው የጅማ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

እኛ የምናነበው በአብዛኛው በስልክ ነው። ዋናዎቹ መጻሕፍት ውጭ ያለ ዘመድ ካልላከ በቀር እዚህ እጅ አይገቡም፤ ስለዚህ ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ክረምት ሲሆን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ባትሪ የተረፈው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። እንግሊዝኛው የሚሻለው ስልኩን ይይዝና እያነበበ ወደ አማርኛ፣ አንዳንዴም ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሳል። ሌሎቻችን በትከሻው ላይ ሥዕሉን እናያለን። አስፈሪው ገጽ እየቀረበ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሠዓሊው ያስታውቃል። ያኔ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ገልብጥ! ገልብጥ!» ይላል፤ ግማሹ «ቆይ! ቆይ!» እያለ የአንባቢውን እጅ ይይዛል።

ብዙ ጊዜ ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ። «ገልብጥ» የሚሉት ደፋሮቹ አይደሉም፤ ከጭንቀቱ ቶሎ መውጣት የሚፈልጉት ናቸው። «ቆይ» የሚሉት ደግሞ የሚመጣውን ነገር በሐሳባቸው መሥራት የጀመሩት ናቸው፤ ሠርተው ሳይጨርሱ እንዲገለጥባቸው አይፈልጉም። ስልኩን የያዘው ሰው እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች በአውራ ጣቱ ላይ ተሸክሟል። ፊልም ላይ እንዲህ ዓይነት ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። ፊልሙ ማንንም አይጠብቅም፤ ብታስቆመውም የቆመው ምስል ቆሞ እንዲታይ የተሠራ ስላልሆነ ይደክማል። የኮሚክ ሥዕል ግን ከመጀመሪያው ቆሞ እንዲታይ ነው የተሠራው።

ይህን አሠራር ከጃፓናዊው ጁንጂ ኢቶ የበለጠ የሚያውቅበት ሰው አላየሁም። «ኡዙማኪ» የተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 1999 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ነው። ታሪኩ በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የወረደ እርግማን ነው። እርግማኑ ጋኔን አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይም አይደለም፤ ቅርጽ ነው፤ ጠመዝማዛ። ጭሱ ይጠመዘዛል፣ ፀጉር ይጠመዘዛል፣ በመጨረሻ ሰው ራሱ ይጠመዘዛል። አንድ ጓደኛችን ሐሳቡን ሲሰማ «ቅርጽ ምኑ ያስፈራል?» ብሎ ነበር። ከዚያ የቀንድ አውጣው ምዕራፍ ላይ ደረስን።

በዚያ ምዕራፍ ካታያማ የሚባል ተማሪ አለ። ቀርፋፋ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚመጣው ዝናብ በጣለ ቀን ብቻ ነው፤ ሲመጣም በስብሶ ነው። እዚህ ላይ እኛ ቤት የሆነው ነገር ጃፓን ውስጥ የሆነ አይመስለኝም። ጅማ ላይ ዝናብ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ነገር ነው። ጭቃው፣ የሞላው ቦይ፣ አንድ ብቻ የሆነው ዩኒፎርም፤ ዝናብ ሲጥል የማይመጣ ልጅ ሁላችንም ክፍል ውስጥ ነበረ። በዝናብ ብቻ የሚመጣ ልጅ ሲባል ግን የምናውቀው ነገር ተገልብጦ ቆመብን። ጀርባው ላይ ምን እንዳለ ኢቶ ገና ሳያሳየን ቤቱ ጸጥ አለ። ደግሞ ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ቀንድ አውጣ በየአጥሩ፣ በየጭቃው ግድግዳ ላይ ነው። ከመሃላችን አንዷ በማግስቱ ግቢያቸው በር ላይ አንዱን አይታ በጓሮ በኩል ወጥታ እንደሄደች ነገረችን። ያን ፍርሃት ኢቶ አልሳለውም። እሱ የሳለው ካታያማን ነው፤ የአጥሩን ቀንድ አውጣ ያመጣችው እሷ ናት።

ኢቶ የሚያስፈራውን ሥዕል ብዙ ጊዜ ከገጽ መገልበጥ በኋላ ነው የሚያስቀምጠው። ከመገልበጡ በፊት ባለው የመጨረሻ የሥዕል ሳጥን አንድ ሰው የሆነ ነገር አይቶ ዓይኑ ፈጥጦ ይታያል፤ የሚያየውን እኛ አናይም። ስትገለብጥ ሙሉ ገጹ እሱ ነው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ይህ አካሄድ ለጀማሪ ያስቸግራል፤ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያያል። እኛ መካከል በዚህ ያልተቸገሩት ልጅ ሆነው ቁርኣን የቀሩት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ የለመዱት ናቸው። ዓይናቸው መንገዱን ያውቀዋል፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እየሄዱ ሌሎቻችንን ይጎትቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንጋ ሲሆን ስልኩን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ስልክ ግን ከኢቶ ጋር ይጣላል። ገጹ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ ሥዕሉ ከአናቱ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይወጣል፤ መገለጥ የሚባል ነገር አይኖርም። አንድ ጊዜ የአንዱ ወንድም ወፍራሙን አንድ ቅጽ መጽሐፍ ከውጭ አምጥቶለት፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ እጅ ታጥቦ እየተነካ ለሁላችን ዞረ። በስልክ ብዙ ጊዜ ያየው ገጽ ላይ የደረሰ ጓደኛዬ መጽሐፉን ዘግቶ «ወላሂ ይሄን አይቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላየሁትም» አለ። ሥዕሉ አንድ ነው። የተለየው ገጹን በጁ መገልበጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 «ኡዙማኪ» በአራት ክፍል አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ሆኖ ወጣ። ለብዙ ዓመት ሲጠበቅ የነበረ ነው። በጥቁርና ነጭ መሠራቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል አሣሣልም ብዙ አንባቢን አስደስቷል። ሁለተኛው ክፍል ላይ አሣሣሉ ወረደ፤ በዓለም ዙሪያ ያለው አንባቢም አዘነ። እኛም አዘንን። እኔ ግን ቅር ያለኝ በመጀመሪያው፣ በቆንጆው ክፍል ጭምር ነው። ወደ ሃያ የሚጠጉ ምዕራፎች በአራት ክፍል ሲታጨቁ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይገባል። በመጽሐፉ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ያስጨንቃል፤ አንዱን ጨርሰህ ስልኩን አጥፍተህ ትተኛለህ፣ ወይም አትተኛም። በፊልሙ አንድም ቦታ «ቆይ» ለማለት ፋታ አላገኘንም።

አሁን ወደ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ልሂድ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን እሱ ነው።

ሙታን ዞምቢ ሆነው እየተነሡ ሰው ስለሚበሉበት ዓለም የሚተርከው የሮበርት ኪርክማን ኮሚክ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 በ193 እትም የወጣ፣ ከሽፋኑ በቀር በጥቁርና ነጭ የተሣለ ነው። ተከታታይ ፊልሙ ከ2010 እስከ 2022 በአሥራ አንድ ሲዝን ታየ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፊልሙን ነው፤ እዚህም ፊልም ከሚያስጭኑ ቤቶች በፍላሽ እየተጫነ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል። ኮሚኩን ያነበብነው ጥቂቶች ነን።

የመጀመሪያዎቹን እትሞች አንድ ላይ ስናነብ፣ ሪክ የተባለው ዋናው ሰውዬ ከሆስፒታል ወጥቶ ባዶውን ዓለም ሲያይ፣ ሬሳ በየሜዳው ወድቆ ሲታይ፣ ከመሃላችን አንዷ የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ «እነዚህን ማነው የሚቀብራቸው?» ስለ ዞምቢዎቹ አልጠየቀችም። ስለ ንክሻው አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ታሪኩን ያነበብነው በዚያ ጥያቄ በኩል ነው።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ጅማን የሚያውቅ ያውቃል። እዚህ ሰው ሲሞት መንገዱ ተዘግቶ ድንኳን ይተከላል። እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያወጣል። ሙስሊሙ ጎረቤት ሲሞት ጀናዛው በዕለቱ ይወጣል፤ ክርስቲያኑ ሥራውን ጥሎ ይከተላል። ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ከድንኳኑ አይታጣም፤ የሟች ቤተሰብ ብቻውን አያድርም። አጥቦ የሚከፍን፣ ፈትቶ የሚቀብር፣ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው ሁልጊዜ አለ። ሟቹን የሚያጥብ፣ የሚከፍን፣ የሚያለቅስለት ሰው የጠፋበት ዓለም ማንም ሳይነከስ፣ ማንም ሳይነሣ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አስፈሪ ነው። ኪርክማን ያንን ያውቅ ይሁን አይሁን ለውጥ አያመጣም። ክፍተቱ ነበረ፤ ሞላነው።

ስለዚህ ወደ ሄርሸል እርሻ ስንደርስ ከታሪኩ ጀግኖች ጋር ተለያየን። ሄርሸል ሞተው የተነሡትን ዘመዶቹንና ጎረቤቶቹን በጎተራው ቆልፎ የሚያኖር ሽማግሌ ነው። ለሱ ታመሙ እንጂ አልሞቱም፤ መድኃኒት ይገኝላቸው ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ሪክና አብረውት ያሉት እብደት ነው ይሉታል። እኛ ጋ አንድ ሰው እንኳ በሄርሸል አልሣቀም። «ልጅህን በጥይት ምታ ብትባል ትመታለህ?» ብሎ የጠየቀውን ሰው ማንም አልመለሰለትም። ከዚያ የተነሣው ክርክር ሰውዬው ልክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ አልነበረም፤ ቆልፎ ማኖሩ ማክበር ነው ወይስ ቀብር መንፈግ ነው በሚለው ላይ ነበር። አንዱ፣ ዞምቢ ሆነም አልሆነ፣ ያልተቀበረ ዘመድ ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም አለ። ስለ ዞምቢ ብዙ ተጽፏል፤ ጎተራውን በዚህ ዓይን ያየ ጽሑፍ ግን አላጋጠመኝም፤ ጥያቄው ከዚህ ሰፈር የወጣ ነው።

ፊልሙ እዚህ ቦታ ላይ ያደረገውን ነገር እወድለታለሁ። በኮሚኩ ሶፊያ የምትባለው ትንሽ ልጅ እስከ መጨረሻው እትም በሕይወት ትኖራለች። በፊልሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታየው ሁለተኛ ሲዝን፣ ትጠፋለች፤ ለብዙ ክፍል ስትፈለግ ቆይታ የጎተራው በር ሲከፈት ዞምቢ ሆና ከውስጥ ትወጣለች። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሲደነግጥ፣ ያነበበው ደግሞ እንደምትገኝ እርግጠኛ ስለነበረ ይሰበራል። ይህ ከሁሉ የከፋ ለውጥ ነበር። እኛ ቤት ግን «አበላሹት» ያለ አልነበረም። ፊልሙ አንባቢው ይዞት የመጣውን እምነት አውቆ በዚያው መታው፤ የአንባቢውን ድርሻ አልነጠቀም፣ ተጠቀመበት። ቅሬታው ከታሪኩ መለወጥ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በላይ የሚያስቆጣ ነገር አይኖርም ነበር።

ከሪክ ጓደኞች አንዱ የሆነው የግሌን ሞት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በኮሚኩ ግሌን የሚገደለው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 100ኛ እትም ነው፤ ነጋን በተባለው ሰው እጅ፣ እሾህ ሽቦ በተጠመጠመበት ዱላ። ሁሉም ነገር በአንድ እትም ውስጥ ይጀምራል፣ ያልቃል። ፊልሙ ግን በሚያዝያ 2016 ስድስተኛውን ሲዝን ዱላው ሲወርድ ዘጋው፤ ካሜራውን በሟቹ ዓይን ቦታ አስቀምጦ የሞተው ማን እንደሆነ ሳይናገር ተመልካቹን እስከ ጥቅምት አስጠበቀው። ውጭ አገር ቁጣው ከባድ ነበር፤ ከዚያ ሲዝን በኋላም የተመልካቹ ቁጥር እየወረደ ሄደ።

እኛ መጠበቁ አልነካንም። ሁለቱም ሲዝን አንድ ላይ ተጭኖ ነው የደረሰን፤ አንዱ እንዳለቀ ሌላውን ከፈትን። ሆኖም ቤቱ ተቆጣ። አንድ ጓደኛዬ ተነሥቶ ዝናብ ላይ ወጣ። ኮሚኩን ያነበበ ሰው ነው፤ የኮሚኩ ሥዕል ደግሞ ከፊልሙ አይለዝብም። በኋላ ጠየቅሁት። «መጽሐፉ ላይ እኔ ነኝ የገለበጥኩት» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም፤ ለእኔም ሌላ አላስፈለገኝም። በኮሚኩ እያንዳንዱን ምት ወደሚቀጥለው ያሻገረው እሱ ነው፤ ባይፈልግ ኖሮ መዝጋት ይችል ነበር፤ አልዘጋም፤ የሞቱ ምስክር መሆንን መርጧል። ፊልሙ ፊት ግን ምንም አልመረጠም። ደሙም እንዲሁ ነው። በጥቁርና ነጩ ገጽ ላይ ደም ጥቁር ቀለም ነው፤ ቀዩን የሚጨምረው አንባቢው ነው፣ የሚችለውን ያህል ብቻ ይጨምራል።

ከፋንታሲው ወገን አንድ ምሳሌ ብቻ ላክል። በጆ ሂል ተጽፎ በጋብሪኤል ሮድሪገዝ በተሣለው «ሎክ ኤንድ ኪ» ውስጥ (ከ2008 እስከ 2013 የወጣ ነው) የሰውን ራስ የሚከፍት ቁልፍ አለ። በኮሚኩ ቁልፉ ሲዞር የሰውዬው አናት ይከፈታል፤ ሌሎች ከላይ ጎንበስ ብለው ትዝታውን ያዩበታል። በ2020 በጀመረው የኔትፍሊክስ ፊልም ግን በር ይታይና ሰው ወደ ራሱ አእምሮ በእግሩ ይገባል። ኮሚኩን ያነበቡት አለዝቦታል ብለው ቅር አላቸው፤ እኔም እስማማለሁ፤ መግባትና መከፈት አንድ አይደሉም። ይበልጥ የማስታውሰው ግን ኪንሲ የተባለችው ልጅ ፍርሃቷንና ለቅሶዋን ከራሷ አውጥታ ጠርሙስ ውስጥ ስታስቀምጥ የተነሣውን ወሬ ነው። ብዙዎቹ ፍርሃቱን እናወጣለን አሉ። ለቅሶውን ግን እናወጣለን ያለ ሰው ጠፋ። «ከዚያ ለቅሶ ቤት ምን ብለሽ ትገቢያለሽ?» አለች አንዷ።

ይህን ሁሉ ስናነብ የሚቃወሙን አሉ። የአንዱ ጓደኛችን እናት ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል ባዩ ቁጥር «አዑዙ ቢላህ» ይላሉ፤ ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ይሄ ነገር ሰይጣን ይጠራል» ብለው ያማትባሉ። እነሱን የሚንቅ ሰው አልወድም። ሥዕል በሰው ላይ ሥራ ይሠራል ብለው ያምናሉ፤ እኔም አምናለሁ። ይህ ፍርሃት የእኛ ሰፈር ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ጉዳዩ በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ አሳታሚዎቹም ራሳቸው የደንብ መዝገብ አወጡ። በኮሚክ ርዕስ ላይ ሽብርና አስፈሪነትን የሚያመለክቱ ቃላት ተከለከሉ፤ ቫምፓየር፣ ተኩላ የሚሆን ሰው፣ ከመቃብር የተነሣ ሬሳ ሁሉ ተከለከለ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1971 ላላ፤ የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች የተዉት ግን በ2011 ነው። ያ ደንብ አንባቢውን አንድም ነገር አልጠየቀውም። ከእማማ ጋር ግን መነጋገር ይቻላል።

ተነጋገርንም። አንድ ማታ ቡና ጠጡ ብለው ጠርተውን ስለምናነበው ነገር ጠየቁን፤ የካታያማን ታሪክ ነገርናቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ይሄማ ምን አለው» ብለው ስለ ጅቡ ጀመሩ። በልጅነታቸው የሰሙት ነው። ሌሊት ግቢ የገባ ጅብ በጦር ተወጋ፤ ሲነጋ ደሙን ተከትለው ሄዱ፤ ሞቶ አገኙት። እዚህ ላይ ዝም አሉ። ጀበናውን አንሥተው ለአንዱ ቀዱ፣ ለሌላው ቀዱ። ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ «ጆሮው ላይ ጉትቻ ነበረ» አሉ። ይህን ታሪክ ያልሰማ ሐበሻ የለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሆኖም ደነገጥን። ጃፓናዊው በገጽ መገልበጥ የሚያደርገውን እማማ በስኒ አደረጉት።

የሥዕል ታሪክም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ከዘንዶው ጀምሮ በአርባ አራት ትንንሽ ሥዕሎች በአንድ ሸራ ላይ ሲሳል ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግሞ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ሲያይ፣ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ማን እንደሚያስፈራ ያነባል። ከዚያ ግድግዳ ሁሉ እኔን የያዘኝ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው፤ የገዛ ቤተሰቡን ጭምር። በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ ሰው ተጠምቶ ውኃ ሲለምነው፣ በእመቤታችን ስም ሲማጸነው፣ ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል፤ ሲሞት ሰባ ስምንቱ ነፍስና ያ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ይቀርባሉ። ሠዓሊዎቹ ሰው ሲበላ ይሥሉታል፤ አይደብቁም። ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ስለሆነ አስፈሪ ነው ብሎ የሚጠራው የለም። እኔ ግን የጎተራው ክርክር ላይ፣ የለቅሶው ጠርሙስ ላይ፣ የእኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምሕረት የት አለ ብሎ የሆነው ከዚያ ግድግዳ ይመስለኛል።

በአማርኛ የታተሙ ኮሚኮች መጥተዋል። የበስራት ደበበ «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛ እያወራ ማየት ብዙዎቻችንን አስደስቷል። አስፈሪው ዘርፍ ግን እኔ እስካየሁት ገና ሜዳው ባዶ ነው። ለዚህ ነው ከመሃላችን አንዱ፣ ሥዕል የሚችለው፣ የእማማን ጅብ ልሣለው ሲል ሁላችንም የተረባረብነው።

ቦታውን አዌቱ ወንዝ ዳር አደረገው። ሰውዬውን ሥራ አልሰጠውም፤ ይህን ራሱ ነው የወሰነው። በተለመደው ተረት ጅብ የሚሆነው ቀጥቃጩ ወይም ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ በዚህ ወሬ ስንት ባለሙያ ተገልሎ ኖሯል፤ እኔ ያንን አልጨምርበትም አለ። ደስ ብሎኛል። የተጣላነው በሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ሰውዬው ወደ ጅብ ሲለወጥ በስድስት ሳጥን ደረጃ በደረጃ ይታያል፤ ጥፍሩ፣ አፉ፣ ወገቡ። አሣሣሉ ድንቅ ነው። ሆኖም ስድስቱንም አውጣቸው አልነው። ሰውዬው በር ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ጅብ አጥር ይዘላል፤ በቃ። «ስድስቱን ስንት ቀን እንደሠራኋቸው ታውቃላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። ከቆየ በኋላ አወጣቸው። ጉትቻውን ከገጽ መገልበጥ በኋላ አድርገው ስንለው ግን አልሰማንም። የሚያነበው ሁሉ በስልክ ነው፤ ገጽ የሚገለብጥ ማን አለ አለ፤ እውነቱን ነው። በምትኩ ከጉትቻው በላይ ረጅም ጥቁር ቦታ ተወ፤ አውራ ጣት ብዙ ጊዜ ካልሳበ ጉትቻው ላይ አይደርስም። እኛ ካልነው ይሻላል።

እንዳለቀ ወስደን ለእማማ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን እያራሱ፣ ጥቁሩን ቦታ ቀስ ብለው ሳቡት። ጉትቻው ላይ ሲደርሱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አይደለም» አሉ። «በግራ ጆሮው ነበር። ደግሞ የኔ ጅብ እንዲህ ወፍራም አይደለም።»

እሱም በአክብሮት፣ ግን ሳያፈገፍግ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ አላዩትም፤ ተነገረዎት እንጂ» አላቸው።

«ታዲያ አንተ አይተኸዋል?»

በግራ አድርጎ አልሣለውም። እሳቸውም በቀኝ አልተቀበሉም። ቡና በተጠጣ ቁጥር ይነሣል።